የአንድ እግር ጫማ

ካሪሳል፣ 3 ማርች 1996

ለልጄ ለዴልፊና፣

የኦቱስኮዋ ማርያም፣ የበር እመቤት፣ መግቢያሽንና መውጫሽን ትጠብቅልኝ። እዚህ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ደህና ነው። ጉልበቴም አርጅቷል እንጂ አልታመመም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። "ደህና ነኝ" የሚለው በየመስመሩ አለ፤ ሌላ ግን ምንም የለበትም። እናትሽ የአጎቴ ልጅ ስለነበረች ወጉን አውቀዋለሁ። እሷም ነፍሷ ልትወጣ ስትል "ምንም አልሆንኩም፤ ተነሺና ሂጂ፣ ትምህርት ይረፍድብሻል" ነው ያለችኝ። ስለዚህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ "ደህና ነኝ"ን እንደ ዜና አልቆጥረውም። እዚያ ቡዌኖስ አይሬስ ያለውን ወንዝ አየሽው? ባሕር ያክላል ሲባል ሰምቻለሁ። ዳቦ የምትገዢው ከማን ነው? ጎረቤትሽ ማን ይባላል? እንዲህ ያለውን ጻፊልኝ።

ልጅሽ ኢልዳ አድጋለች። ለሥራ ከሄድሽ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት፤ አንድም ቀን ሸክም ሆናብኝ አታውቅም። ማባዛት ትችላለች፤ ማካፈል ላይ ትሰንፋለች። ይታረማል።

ከመንደራችን ጀርባ ያለውን ጉብታ የሚቆፍሩት ሰዎች ሥራቸውን ገፍተውበታል። ወርቅ አላገኙም፤ እሰየው ብያለሁ። ወርቅ ቢወጣ ሌባውም ወታደሩም በአንድ ቀን ይደርሱብን ነበር። ያገኙት የጥንት ሰዎች ቤት ነው፤ ምድጃ፣ የተሰበረ ድስት፣ የቅል ጽዋ፣ የዓሣ አጥንት። ልጆቹን ዕቃ መለየት አስተምሪልን ስላሉኝ በጡረታዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደገና ጠመኔ ይዣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መሐሏ የተበሳ ትንሽ የሸክላ ክብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

"ቁልፍ ነው፤ የሸሚዝ" አለ አንዱ።

"ይሄን የሚያክል ቁልፍ? የማን ሸሚዝ ነው፣ የዝሆን?" አለችው ኢልዳ።

"አንቺ ደግሞ ሁሉን ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም። ግን ቀዳዳው ውስጡ ልሙጥ ነው። የሆነ ነገር ሲሽከረከርበት ኖሯል።"

የእንዝርት ጫፍ ላይ የሚሰካው ነበር፤ ጥጥ ፈታይዋ እንዝርቷን የምታከብድበት። ሴት አያትሽ አንድ ነበራት። ልጆቹን የማስተምራቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ እጅ የት ያዘው? እሳት የት ነካው? የት ላይ ሳሳ? ይህን ከመለሱ በኋላ ደግሞ፣ እዚህ መኖር ሲገባው የሌለው ምንድን ነው? ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል።

ለአሠሪሽ ለሴኞራ ማቲልዴ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ቡዌኖስ አይሬስ፣ 2 ኤፕሪል 1996

የተከበሩ አክስቴ ኤርሜሊንዳ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እመቤታችን ጉልበትዎን ታበርታልዎ። ኢልዳን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ዜና አይደለም ብለዋል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራዬ የሴኞራን እናት መጠበቅ ነው። ዶኛ አምፓሮ ይባላሉ፤ ከአልጋ አይነሱም። አበላቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ ሌሊት ሲጠሩኝ እነሳለሁ። ደግ ሴት ናቸው፤ አንዳንዴ በእህታቸው ስም ይጠሩኛል።

ሴኞራ ማቲልዴ ደብዳቤዎቼን ከመላኳ በፊት ታነባቸዋለች፤ ስህተቴን ታርምልኛለች። የእርስዎንም እሷ ከፍታ ታነብልኛለች። "ጨዋ ሴት መሆኗ ከእጅ ጽሕፈቷ ያስታውቃል" ብላለች። ፓስፖርቴና ደሞዜ እንዳይጠፉብኝ እሷ ዘንድ ተቀምጠዋል።

ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳቦ ሴኞራ ይዛ ትመጣለች። ጎረቤት አለ፤ ሲያስል ይሰማኛል። ወንዙ በጣም ትልቅ ነው ይላሉ።

በዲሴምበር ለእመቤታችን በዓል እመጣለሁ። አብረን በእግራችን ወደ ኦቱስኮ እንወጣለን። ለኢልዳ ይንገሩልኝ፤ ቃሌ ነው።

ዴልፊና


ካሪሳል፣ 5 ሜይ 1996

ለልጄ ለዴልፊና፣

የሸንኮራው አጨዳ ስለጀመረ ከሚቃጠለው ማሳ አመዱ በየቤቱ እየገባ ነው፤ እግዚአብሔር ግን ሳንባችንን ጠብቆልናል። ለአንቺም እንዲሁ ያድርግልሽ።

"ትልቅ ነው ይላሉ" ብለሻል። ሄደሽ እይው። ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ ለአንድ ወንዝ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እሑድ ዕረፍት የለሽም?

ልጆቹ በርትተዋል። ውስጡ በጭረት የተሞላ የሸክላ ሳህን ወጥቶ ነበር። የጫማ ሰፊው ልጅ "ሲሠሩት ጥፍራቸው ነክቶት ነው፤ ሰነፎች ነበሩ" አለ።

"ቅድመ አያቶችህን ነው ሰነፍ የምትለው?" አልኩት።

"የእኔ እኮ ከተራራ ነው የመጡት ሴኞሪታ። የእሷ ናቸው" ብሎ ወደ ኢልዳ ጠቆመ። ኢልዳ ሳህኑን አዙራ ጭረቱ መሐል ላይ በአገልግሎት ማለቁን አሳየችው። መፈቅፈቂያ ነበር፤ በርበሬና ካሳቫ የሚፈቀፍቁበት። ልጁ ሳህኑን ተቀብሎ መሐሉን በጣቱ ዳሰሰው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። የሞቱ ሰዎችን ዕቃ ስናነብ ማን ያርመናል? ባለቤቱ የለም። ስለዚህ በሕይወት ካለ ሰው ቤት ያረጁ ነገሮች እፈልጋለሁ። ልጆቹ ያንብቡት፤ አንቺ ደግሞ እውነቱን ጽፈሽ ታርሚያቸዋለሽ። ሊጣል የነበረ ነገር ይሁን፤ ሴኞራ ቅር እንዳይላት አስፈቅጂ። ምን እንደሆነ አትጻፊበት። ዝም ብለሽ ላኪው።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ቡዌኖስ አይሬስ፣ 20 ጁን 1996

የተከበሩ አክስቴ፣

በዚህ ብርድ ወራት የእርስዎን ደብዳቤ መስማት እንደ ትኩስ ሾርባ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው።

ለምን እንደዘገየሁ አልጽፍም። ጥቅሉን አብሬ ልኬያለሁ። ሴኞራ ስታሽገው ሳቀች። "ቆሻሻ ወደ ፔሩ በፖስታ! እናንተ አገር ቆሻሻ አለቀ እንዴ?" አለች። ከዚያ አንድ እግር ጫማ ስታይ ደግሞ፣ "አንድ እግር ያለው ዘመድ አለሽ?" አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለልጆች ትምህርት መሆኑን ነግሬያት ፈቀደች።

ጫማው ከአገር ስወጣ እርስዎ ያሰፉልኝ ነው። ሌላኛው እኔ ጋ አለ። አንድ ቀን ይገናኛሉ።

ልጆቹ ሁሉንም ጥያቄ እንዲጠይቁ ያድርጉልኝ። የመጨረሻውንም።

ዴልፊና


ካሪሳል፣ 28 ጁላይ 1996

ለልጄ ለዴልፊና፣

ዛሬ የነጻነት በዓል ነው። ባንዲራ ሰቅለናል፤ የትምህርት ቤቱ ከበሮ ቆዳው ተቀዷል፤ መዝሙሩን ግን ሳናዛንፍ ዘምረናል። የአገርሽ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ።

ጥቅሉ ደርሷል። ማማሰያውን ወዲያው አወቁት። አንዱ ጠርዝ ሰያፍ ሆኖ ስላለቀ፣ በቀኝ እጇ ጥልቅ ድስት ታማስላለች አሉ፤ ልክ ናቸው። የወለል ብሩሹን በተመለከተ ክርክር ተነሣ፤ ፀጉሩ ከፊት በኩል ብቻ ስላለቀ ተንበርክካ ነው የምትፈገፍገው ወደሚለው አደላን። የሳሙና ቁራጯ ኢልዳ ኪስ ውስጥ ናት። አልቀማኋትም።

ስለ ጫማው ግን ነቀፌታ አለኝ። ጫማ ቆሻሻ አይደለም። ገልብጬ ሳየው ሶሉ እንደ ተሰፋ ነው። የሰፊው ማኅተም ሳይደበዝዝ ይነበባል፤ ምስማሮቹ እንኳ አላበሩም። ለልጆቹ የነገርኳቸውን ላንቺም ልንገርሽ፦ ሴት አያትሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ እስከ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር፤ ደፉ ላይ ስትደርስ ታጠልቀዋለች፤ ስትወጣ ታወልቀዋለች። አንድ ጫማ ዕድሜዋን ሙሉ አገለገላት፤ የተቀበረችውም በእሱ ነው። በካሪሳል ጫማ የእሑድ ነው፤ አንቺም በሰው አገር ይህን ወግ ስላልረሳሽ ኮርቻለሁ። ልጆቹም "የእሑድ ጫማ" ብለው ጽፈውበታል።

ግን ጥንድን መለየት ጥሩ አይደለም። ለበዓሉ ስትመጪ ሌላኛውን ይዘሽ ነይ።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ቡዌኖስ አይሬስ፣ 1 ሴፕቴምበር 1996

የተከበሩ አክስቴ፣

እመቤታችን ከእርስዎ ጋር ትሁን። ለልጆቹ እርማት እንድልክ ብለው ነበር። ማማሰያው ልክ ነው። ብሩሹ ልክ ነው። ጫማው ልክ አይደለም።

የእሑድ አይደለም። እዚህ እሑድ እንደ ሌላው ቀን ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲያስተምሩን ቶሎ የመለሰ ልጅ ስሌቱን ደግሞ ይየው ይሉን ነበር። ኢልዳ ደግማ ትየው። የእናቴ ጫማ ነው ሳትል፣ ከጉብታው እንደ ወጣ ቆጥራ ትየው። ውስጡንም ትየው።

በዲሴምበር መምጣቴ ቀርቷል። ዶኛ አምፓሮን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ሴኞራ እንዲህ ወስናለች። በሚመጣው ዲሴምበርም ይሁን በሌላ፣ እሳቸው እስካሉ ድረስ ነው። እሳቸው እንዲሞቱ እየተመኘሁ ላበላቸው አልችልም። ስለዚህ ምንም አልመኝም።

ዴልፊና


ካሪሳል፣ 6 ኦክቶበር 1996

ለልጄ ለዴልፊና፣ ይህንንም ደብዳቤ በደግነት ለምታነብልሽ ለተከበረችው ለሴኞራ ማቲልዴ፣

ሰላምና ጤና ለቤቱ፣ ምሕረት ለታመሙት ለዶኛ አምፓሮ ይሁን።

ስለ ጫማው ብዙ አልጽፍም፤ ትንሽ ነገር ነው። መልሴ ስህተት ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ከስሜ አጠገብ ዜሮ ጽፌያለሁ፤ ልጆቹም በጣም ደስ ብሏቸዋል። ይልቅ ከጉብታው ሰሞኑን ስለ ወጣ አንድ ክፍል ላውጋሽ።

ጠባብ ክፍል ነው። የሴት ነው፤ ማማሰያ ተገኝቶበታል። በሩ ላይ የገመድ ማሰሪያ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩን ገመድ ቦርቡሮታል። የቦረቦረው ግን ከውጭ በኩል ብቻ ነው። ውስጥ አንድ እግር የሸንበቆ ጫማ ተቀምጧል።

"ሶሉ አዲስ ነው። አልተጫማችውም" አለ የጫማ ሰፊው ልጅ።

ኢልዳ እጇን ውስጡ ከተተች። ብዙ ቆየች። "ተጫምታዋለች" አለች። "ጣቶቿ የተኙበት ጎድጉዷል። ጠቁሯል። በየቀኑ ነው የተጫማችው።"

"ታዲያ መንገዱ የታለ? በክንፍ ነው የሄደችው?"

"መኪና ተሳፍራ ይሆናል" አለች አንዷ ትንሽ።

"መኪናስ አሸዋ የለውም? እኛ ጋ አልጋ እንኳ አሸዋ አለው።"

"አልሄደችም" አለች ኢልዳ። "በየቀኑ ለመውጣት ታጠልቀዋለች። ከዚያ ታወልቀዋለች።"

የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ መጠየቅ አልቻልኩም፤ እሷው ጠየቀችው፤ ምን ይጎድላል? የአውቶቡስ ቲኬት የሚያክል ነገር፣ የገበያ ዘንቢል፣ ቁልፍ። የውጭው ዓለም የነካው አንድም ዕቃ የለም አለች። ከዚያ ወጥታ ጉብታው ሥር ተቀመጠች፤ እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልፈቀደም ነበር፤ አልጠየቅሁትም።

እንዲህ ያለ ክፍል በግርግር አይከፈትም። ግድግዳው በውስጡ ያለው ላይ ይናዳል። በበሩ በኩል፣ በቀን ብርሃን፣ ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ነው የሚገባው።

አሁን ወደ መልካም ዜና ልለፍ። እዚያ ከተማ የሚኖሩ ያገራችን ሴቶች የበር እመቤታችንን ማኅበር አቋቁመዋል። ከበዓሉ በፊት ምስሏን ከቤት ወደ ቤት ያዞራሉ። የዶኛ አምፓሮን መታመም የሰበካችን ቄስ ጽፎላቸው፣ በኖቬምበር መጨረሻ እሑድ ከቀትር በኋላ ምስሏን ይዘው ሊጸልዩላቸው ይመጣሉ። ለሴኞራ ቤት ክብር ነው። ለሕንጻው ጠባቂና ለጎረቤቶቹም ማኅበሩ አስታውቋል፤ ደረጃው ላይ አብረው ይዘምራሉ።

ወጋችንን ሴኞራ ላታውቅ ስለምትችል ልግለጽ። እመቤታችን እንግዳ ናት፤ እንግዳ ይሸኛል። ምስሏን ተሸክሞ እስከሚቀጥለው ቤት የሚሸኛት፣ የገባችበትን ደፍ ያጠበው ሰው ነው። የቤቱ እመቤት አትሸኝም፤ እሷ ከታመመው ጋር ትቀራለች። ይህ ከተጓደለ በረከቱ አይጸናም። ሴኞራ ጨዋ ሴት መሆኗን ከእርማቶቿ ስላወቅሁ፣ ይህ እንደማይጓደል እርግጠኛ ነኝ።

ደፉን በደንብ እጠቢ።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ቡዌኖስ አይሬስ፣ 29 ኖቬምበር 1996

ውድ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አላረመውም። ስህተት ካዩ የራሴ ነው።

ጉብታው ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ልጅ ሆኜ የማውቀው ጉብታ ነው፤ ከውጭ የሚታሰር በር እዚያ አልነበረም። ሴኞራ ስታነብልኝ ይህን አውቄ አንገቴን ደፍቼ ድንች ላጥሁ።

ሴኞራ ደብዳቤዎን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ አበባ ገዛች። ጎረቤቶቹ አስቀድመው ሰምተው "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲሏት ከረመች፤ ለማስቀረት መንገድ አልነበራትም። ደፉን ሦስቴ አስጠበችኝ።

መዝሙሩ ከታች ሲጀምር ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ገቡ፣ ለዶኛ አምፓሮ ጸለዩ። እሳቸው ምስሏን አይተው "እህቴ መጣች" አሉ። ሲጨርሱ ሴኞራ፣ "እኔ እሸኛታለሁ፤ ይህቺ ልጅ ከተማውን አታውቀውም፣ ትጠፋለች" አለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ ወፍራም ናት፣ ከኦቱስኮ ናት፣ "እኛ እያለን የት ትጠፋለች? አርፈሽ እናትሽን ጠብቂ የኔ እመቤት፤ ወጉ ነው" አለቻትና ምስሏን ትከሻዬ ላይ አኖረችው። ጎረቤቶቹ ደረጃው ላይ ሻማ ይዘው ያዩ ነበር። ሴኞራ ፈገግ ማለት ነበረባት። በሩን ራሷ ይዛ ከፈተችልኝ።

ከኋላዬ ዶኛ አምፓሮ፣ "ማን ውሃ ያጠጣኛል?" ሲሉ ሰማሁ። ይህን ለእርስዎ ካልጻፍኩት ለማንም አልጽፈውም።

ጫማዬን፣ ያንን አንዱን፣ የወጥ ቤት ልብሴ ኪስ ውስጥ ደብቄው ነበር። የሕንጻው ደፍ ላይ ስደርስ እንደ ሴት አያቴ አጠለቅሁት። ሌላው እግሬ ባዶ ነበር። አስፋልቱ ከፀሐይ ግሎ ነበር፤ ያንን ሙቀት ልነግርዎ አልችልም። የሚቀጥለው ቤት ሩቅ ነበር። እያነከስኩ ሄድኩ። ምስሏን ማንም እንዲቀበለኝ አልፈቀድኩም።

አልተመለስኩም። አሁን ከስድስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ። ፓስፖርቴ ሴኞራ ጋ ነው፤ ልንጠይቃት ስንሄድ "ፓስፖርት የሚባል ነገር የለም" አለች። ቆንስላው ሌላ ወረቀት ይምጣ ይላል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ፓስፖርት አምጪ ይላል። በዲሴምበር አልደርስም። ከበር ወጥቻለሁ አክስቴ፤ ከዚህ ከተማ ግን መቼ እንደምወጣ አላውቅም። መንገድ ላይ ፖሊስ ሳይ ወደ ሌላ መንገድ እታጠፋለሁ።

ወንዙን አየሁት። ቡናማ ነው። ወዲያ ማዶው አይታይም።

ሌላኛውን ጫማ ይላኩልኝ። ለኢልዳ ልክ መለሰች ይበሏት።

ዴልፊና


ካሪሳል፣ 15 ዲሴምበር 1996

ለልጄ ለዴልፊና፣

ዛሬ የእመቤታችን ቀን ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኦቱስኮ ወጥቷል፤ እኔና ኢልዳ ቀርተናል። "እሷ ሳትመጣ አልወጣም" ብላለች፤ አላስገደድኳትም።

ስለ ዶኛ አምፓሮ ውሃ እያሰብሽ መቸገርሽን አልነቅፍም። ለማኅበሩ ሴቶች ጽፌያለሁ፤ ሊጠይቋቸው ይሄዳሉ። ስለ ፓስፖርቱ እዚህ ያለውን ቢሮ በየሳምንቱ ሰኞ እጎበኛለሁ። ጸሐፊው ከበር ሲያየኝ ያዛጋል። ይለምደኛል።

ጫማው ነገ በፖስታ ይወጣል። ልጆቹ እንደ ጉብታው ዕቃ ቁጥር ለጥፈውበት ነበር። ኢልዳ በውሃ አርሳ አነሳችው፤ "ይሄ ገና አላለቀም" አለች። የሳሙናዋን ቁራጭ በራሷ ፈቃድ ውስጡ ከታዋለች፤ ስትራመጂ እንዳይቆረቁርሽ አውጪው።

በሁለቱም ሂጂበት። ለእሑድ ብለሽ አታስቀምጪው። ዝናብም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን፣ ቢሮ ለቢሮም ቢሆን ሂጂበት። የመጣሽ ቀን ፊትሽን ከማየቴ በፊት እግርሽን አስነሥቼ ሶሉን ነው የማየው።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ